የከሪማ ሁለት ፈረቃ

የጨርቅ ማተሚያው ሲሊንደር እንደቆመ ከሪማ ጨርቁን ጎትታ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ባለፈው ሙከራ ሲሊንደሩ አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር አበባዎቹ ለሁለት ይቆረጡ ነበር። አሁን የአበባው ሐረግ ሳይበጠስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይወርዳል።

«የት ላይ ነው የተጋጠመው?» አሉ የማተሚያ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ቢያዝን፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው።

«አይታይም ጋሼ። መጀመሪያ የሲሊንደሩን ዙሪያ ለካሁ። ከዚያ ሐረጉ ዞሮ ራሱ ላይ እንዲገጥም አድርጌ ሣልኩት።»

አቶ ቢያዝን ጨርቁን ደጋግመው በእጃቸው ዳበሱት።

ከሪማ ደሴ ውስጥ የሒሳብ መምህርት ናት። ለቀበሌው የኪነት ቡድን የመድረክ መጋረጃ ስትሥል ያዩ ሰዎች ናቸው ኮምቦልቻ ወዳለው አዲሱ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጠቆሟት። የሰባ ዘጠኝን ክረምት ሙሉ በሐረጎ ተራራ ጠመዝማዛ መንገድ ስትወርድና ስትወጣ ከረመች። አሁን መስከረም ጠብቷል።

«ጓድ ከሪማ፣ ሰኞ ትምህርት ይከፈታል» አሉ አቶ ቢያዝን። «እንግዲህ ወይ ጠመኔውን ወይ ብሩሹን ነው። ለግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው እዚህ የለም።»

አመሻሽ ላይ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ በሚባለው ሰፈር ካለው የስፌት ሱቅ ስትደርስ አባቷ አቶ እንድሪስ ገና ከስፌት መኪናቸው አልተነሡም። ልጅ ሳለች ከዚያ መኪና ሥር ቁጭ ብላ ቁርጥራጭ ጨርቅ በየቀለሙ ስትገጣጥም ትውል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሱቁ በጊዜ ይዘጋ ነበር። አባቷ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠዋት ወደ ሐድራው፣ ዱዓና መንዙማ ወደሚደረግበት ቤት፣ ይሄዳሉ፤ መንዙማው ሲጀመር ድቤውን የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። ከሪማ ምቱን በጣቷ እየቆጠረች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ቁጥር የለመደችው ትምህርት ቤት ሳትገባ፣ እዚያ ነው። የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ሲቋቋም ግን የአባቷ ሥራ በዛና ወደ ሐድራው መሄዱን ተዉ። የዚያ ቤት ሽታና የመንዙማው ዜማ አሁንም ድንገት መንገድ ላይ ይመጣባታል።

«ምን አሉሽ?» አሉ አባቷ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው።

«አንዱን ምረጪ አሉኝ። እርስዎ ምን ይሉኛል አባ?»

«እኔማ መርጬ የለ።» መኪናቸውን መታ መታ አደረጉት። «አልሐምዱሊላህ፣ ይሄ መኪና አንቺን አሳድጎልኛል፣ አስተምሮልኛል። ድቤውን ስተው፣ የማኅበሩ ሥራ ትንሽ ጋብ ሲል እመለስበታለሁ ብዬ ነበር።»

«ይናፍቅዎታል?»

አባቷ ሁለት እጃቸውን ወደ መብራቱ ዘርግተው ተመለከቷቸው። «ወላሂ፣ ሐሙስ ሲመሽ እነዚህ አያስተኙኝም» አሉ። «ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

ከሪማ አጠገባቸው ተቀምጣ የተሰፉትን ካኪዎች ማጠፍ ጀመረች።

ሰኞ ጠዋት ፈረቃዋን አስተማረች። ምሳ ሳትበላ፣ እጇ ላይ ጠመኔ እንዳለ፣ ኮምቦልቻ በሚወርደው አውቶቡስ ተሳፈረች።

አቶ ቢያዝን በሩ ላይ አገኟት። «ወሰንሽ?»

«ወሰንኩ። ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እዚህ ነኝ።»

«ነግሬሽ አልነበር? የበላዮቹ እንዲህ ያለ ነገር አይፈቅዱም።»

«እርስዎ ይጠይቁልኝ።»

«እምቢ ቢሉስ?»

«እምቢ እስኪሉ እሠራለኋ።»

አቶ ቢያዝን አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ከበሩ ግን ዘወር አሉላት። ከሪማ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጥላ ንጹሕ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ማስመሪያውን አነሣች።

«ጋሼ» አለች ቀና ሳትል፣ «ስሠራ ሰዓቱን እረሳለሁ። የአሥራ አንዱ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ይጥሩኝ። ነገ ጠዋት ተማሪዎች ይጠብቁኛል።»