ማማሰያውን ማን አነሣው?

ወይዘሮ ወለላን መጀመሪያ ያሳፈራቸው ፍራሽ ነው። የገና ሰሞን ነበር፤ ላሊበላ በእግርም በአውቶቡስም በአውሮፕላንም በመጣ ሰው ተጨናንቃ መተላለፊያ ጠፍቷል። ቅዳሴ አስቀድሰው ሲወጡ ጎረቤታቸው ይማርሽ ነጠላቸውን ሳብ አድርጋ አስቆመቻቸው።

«ወለልዬ፣ ልጅሽ ሥራ አስኪያጅ ሆነች ብለሽኝ አልነበር?»

«ሆናለች እንጂ! ምነው?»

«አይ፣ ትናንት ፍራሽ በጀርባዋ አዝላ ደረጃ ስትወጣ ባያት፣ ከሹመቷ አነሧት ይሆን እንዴ ብዬ ነው።»

ይማርሽ ይህን ያለችው ፈገግ ብላ ነው። ፈገግታው ግን እስከ ቤታቸው ድረስ ተከተላቸው።

ንጋት የልጅ ልጃቸው ናት። እናቷ በወሊድ ከሞተችበት ቀን ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ባሳለች ቁጥር ጠበል ሲያመላልሷት፣ ከትምህርት ቤት በዘገየች ቁጥር መንገድ ወጥተው ሲቆሙ፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ለወግ አበቋት። አሁን ሠላሳ ሊሞላት ነው፤ እሳቸው ግን ዛሬም ሹራብ መደረቧን ሳያዩ ከቤት አያስወጧትም። አዲስ አበባ የሆቴል ትምህርት ተምራ፣ ተመልሳ በአስተናጋጅነት ሠርታ፣ ባለፈው መስከረም አቶ ታፈረ የሚባሉ ባለሀብት ከከተማው ጫፍ ባሠሩት ሆቴል ሥራ አስኪያጅ አደረጓት። ለሙከራ ነው። «ገናን በደኅና ካሳለፍሽ ሥራው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ደሴ ያለው የወንድሜ ልጅ ይመጣል» ብለዋታል። ይህን ከሰሙ ወዲህ ወይዘሮ ወለላ የደሴውን ልጅ ሲያስቡ ያድራሉ።

እሳቸው የሚያውቁት ሥራ አስኪያጅ አንድ ብቻ ነው። በደርግ ጊዜ ሙጃ ከተማ ሲኖሩ ያዩት የእህል መጋዘን ኃላፊ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው ስለነበር ከበሩ ላይ የተጻፈውን «ሥራ አስኪያጅ» የሚል ጽሑፍ ራሳቸው ፊደል በፊደል አንብበውታል። ሰውየው ቀና ሳይል ነው የሚናገረው። ገበሬው ቆቡን አውልቆ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል። እሱ ሲያስነጥስ እንኳ ግቢው ጸጥ ይላል። ወይዘሮ ወለላ ንጋት ተሾመች ሲባሉ ያን ወንበርና ያን ጸጥታ ነበር በዓይነ ኅሊናቸው ያዩት። ፍራሽ አልነበረበትም።

ማታ እንደገባች ያዟት።

«ፍራሹን ማን አሸከመሽ?»

«ማንም አላሸከመኝም። እንግዳ በዛ፣ አስተናጋጆቹም እያንዳንዳቸው ተሸክመው ነበር። ባዶ እጄን ልከተላቸው?»

«አዎ፣ ባዶ እጅሽን! ታዲያ ለምን ተሾምሽ?»

ንጋት ሣቀች። «እማማ፣ ቆሜ እያዘዝኩ ቢሆን ኖሮ ፍራሹ እስካሁን ደረጃ ላይ ነበር።»

«ሣቂ! ካልፈሩሽ ይጫወቱብሻል ልጄ። ቆጣ በይ እንጂ። ቁጭ በይ። ወንበር ሰጥተውሽ የለም?»

«ሰጥተውኛል።»

«ታዲያ ምን ታደርጊበታለሽ?»

«ሹራቤን እሰቅልበታለሁ።»

ወይዘሮ ወለላ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህች ልጅ ወንበሩን ለደሴው ልጅ እያሞቀችለት ነው ብለው ደመደሙ።

በማግስቱ በሶና ቆሎ ቋጥረው ወደ ሆቴሉ ወረዱ። የነቢያት ጾም ነው፤ ንጋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ዘጠኝ ሲሆን ደግሞ ሥራ ያዘኝ ብላ መብላቱን ትረሳዋለች። ዘበኛው ስለሚያውቃቸው «ይግቡ እናቴ» ብሎ በጓሮ አሳለፋቸው። ንጋትን ፍለጋ ወደ ኩሽናው ብቅ አሉ።

ሰው የለም። ወጥ ሠሪዋ እትዬ አሰለች ለካ ዕቃ ለማውጣት ግምጃ ቤት ወርደዋል። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ የፈረንጆቹ ምሳ፣ የሥጋ ወጥ ነው። ክዳኑ ላይ ማማሰያው ተገልብጦ ተጋድሟል። ከድስቱ አጠገብ የጨው ቆርቆሮ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል።

የሥጋው ሽታ ሲመጣባቸው ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸው ግን ከቆርቆሮው አልነቀል አለ። እሳቸው ቤት ጨው የሚገባው ወጡ ሊወጣ ሲል ነው፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ቆርቆሮው ተከድኖ ወደ ቦታው ይመለሳል። አፉን የከፈተ ጨው ገና ያልገባ ጨው ነው። ቀምሰው እንዳያጣሩ ጾም ነው። በዚህ ላይ ከአዳራሹ የንጋት ድምፅ ተሰማ።

«እትዬ አሰለች፣ እንግዶቹ ተቀምጠዋል!»

«ወይ ልጄን! አልጫ አድርገው ሊያዋርዱብኝ!» አሉ ወይዘሮ ወለላ በሆዳቸው። ማማሰያውን አነሡ፤ ክዳኑን ገለጡ፤ ከጨዉ በእፍኛቸው ዘግነው ጨመሩ። ድስቱ ትልቅ መሆኑን አዩና ደገሙ። አማስለው ከደኑ፣ ማማሰያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ማንም ሳያያቸው ወጥተው ከጓሮው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ደስ ብሏቸው ነበር። ለልጃቸው አንድ ነገር አድርገዋል፤ ደግሞ አይነግሯትም።

ሳህኖቹ ብዙም ሳይቆዩ መመለስ ጀመሩ። እንደሄዱ ነው የሚመለሱት፣ ሙሉ።

«ወጥ አይደለም እኮ፣ አሞሌ ነው!» አለ አንዱ አስተናጋጅ እየሮጠ ሲያልፍ። የፈረንጆቹ አስጎብኚ ከኋላው እጁን እያወናጨፈ መጣ። ወይዘሮ ወለላ ሁለቱን እፍኝ አስታወሱ። በመስኮቱ ሲያዩ ንጋት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ለእያንዳንዱ ጎንበስ እያለች ይቅርታ ትጠይቃለች። ሥራ አስኪያጅ ጎንበስ ሲል አይተው አያውቁም። ከዚያ ፈጠን ብላ ወደ ኩሽና ገባች፤ እንቁላልና ፓስታ ታዘዘ፤ ራሷ እንቁላል ስትሰብር ታየቻቸው።

እንግዶቹ በልተው ሲነሡ አቶ ታፈረ ደረሱ። ሠራተኛውን በሙሉ ጓሮ ሰበሰቡት።

«ማነው ጨው ያደረገው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አሉ እትዬ አሰለች። «አንድ ጊዜ ብቻ።»

«አንድ ጊዜ ብቻ? አንድ ኩንታል ነው?»

«ጋሼ፣ እትዬ አሰለችን ይተዉአቸው» አለች ንጋት ወደፊት ወጥታ። «በጾም ቀማሻችን ሰይድ ነው። ዛሬ እንግዳ እንዲያመጣ አውሮፕላን ማረፊያ የላክሁት እኔ ነኝ። ቀማሽ ሳይኖር ወጡ እንዲወጣ ያደረግሁትም እኔ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው፣ የሆቴሉ ሹፌር ነው። ሙስሊም በመሆኑ ጾም በገባ ቁጥር የሥጋው ወጥ እሱ ሳይቀምሰው አይወጣም ነበር።

«ጥፋተኛው ነገ በግምገማ ይለያል» አሉ አቶ ታፈረ። «ወይ ወጥ ሠሪዋ ትሄዳለች፣ ወይ አንቺ።»

ወይዘሮ ወለላ አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ተነሥ ተነሥ ይላቸዋል። ተናገር ተናገር ይላቸዋል። በመጨረሻ ግን ቋጠሯቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው በጓሮ በር ወጡ። ያን ጊዜ ጨው በመጨመራቸው አላፈሩም። ያፈሩት በመውጣታቸው ነው።

ንጋት ከወትሮው ቀደም ብላ ገባች። ፊቷ ገርጥቷል። ወይዘሮ ወለላ ውኃ አሙቀው እግሯን ሊያጥቧት ቢሉ እንቢ አለች።

«አሰለችን አሰናብቻትና ይብቃ» አሉ ሳያስቡት። ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ራሳቸው ደነገጡ፤ ግን ቀጠሉ። «ዞሮ ዞሮ ልጆች አሏት፤ ይጦሯታል። አንቺ ግን ሥራሽን...»

«ምን አጥፍተው?»

«ጨው አብዝታ ነዋ።»

«እማማ፣ ባለፈው ጥቅምት ፈረንጆቹ ምግቡን አድንቀው ጋሼ ታፈረ ያጨበጨቡት ለኔ ነበር። ያጨበጨቡልኝ ቀን ኩሽናው የኔ፣ ዛሬ ደግሞ የእትዬ አሰለች ይሁን? ነገ ማን አምኖኝ ይሠራል?» ሹራቧን አወለቀች። «እኔን ያልገባኝ ማማሰያው ነው።»

«የምን ማማሰያ?»

«መቅመስ ስለማንችል ምልክት አለን። እትዬ አሰለች ጨው ካደረጉ ማማሰያውን ገልብጠው ክዳኑ ላይ ያጋድሙታል። ተጋድሞ ያየ ሰው ጨው አይነካም። ቆርቆሮው እንኳ ክፍት ቢሆን። ዛሬ ስገባ ግን ግድግዳው ላይ ተደግፎ አገኘሁት።» ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። «ማን አነሣው እማማ?»

ወይዘሮ ወለላ ውኃ የያዘውን ጣሳ አስቀመጡ።

«ንፋስ ይሆናል» አሉ።

በኩሽና ውስጥ ንፋስ! በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ መስቀል ባንገታቸው አስረው፣ በጾም ዋሹ። ንጋት ጥቂት አየቻቸውና «ይሆናል» ብላ ወደ መኝታዋ ገባች። እሳቸው ጋቢያቸውን እስከ ፊታቸው ተከናንበው ነጋባቸው።

ጠዋት ሳትጠራቸው ተከትለዋት ሄዱ። ያኔ ግምገማ የሌለበት ቦታ የለም፤ ቀበሌው ይገመግማል፣ ትምህርት ቤቱ ይገመግማል፣ አቶ ታፈረም ከወረዳ ስብሰባ ተምረውት ሆቴላቸው አስገብተውታል። ወንበሩ በክብ ተደርድሯል። አስተናጋጆቹ እየተነሡ ሂስ ሰጡ። አንዱ «እትዬ አሰለች ዓይናቸው ደክሟል» አለ። ሌላዋ «ንጋት አትቆጣም፤ ስለማትቆጣን እንዝናናለን» አለች። ወይዘሮ ወለላ በሩ ሥር ቆመው ይህን ሲሰሙ፣ ትናንት የራሳቸው ምክር የነበረው ቃል በሌላ ሰው አፍ ሲመጣ አስጠላቸው።

ንጋት ተነሥታ ትናንት ያለችውን ደገመች። ምንም አልጨመረች፣ ምንም አልቀነሰች።

ከዚያ እትዬ አሰለች ተጠየቁ። ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«እኔ እንጃ ልጆቼ» አሉ። «አንድ ጊዜ ያደረግሁ ይመስለኝ ነበር። ማታ ሳስበው ሳስበው፣ እንጃ፣ ደግሜም ይሆናል። እጄን ማመን አቅቶኛል።» እጃቸውን ገልብጠው አዩት፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሚያዩ።

ይህን ወይዘሮ ወለላ አልቻሉትም። በቀበሌ የሴቶች ስብሰባ እንደለመዱት እጃቸውን አወጡ።

«ዕድል ይሰጠኝ።»

«እናቴ፣ ይሄ የሠራተኛ ስብሰባ ነው» አሉ አቶ ታፈረ።

«ግለ ሂስ ነው ያለኝ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። የሙጃው ሰውዬ ጸጥታ ነበር፤ እንዲህ ያለው ጸጥታ የሚያስፈራው መሐሉ የቆመውን ሰው እንደሆነ አሁን ገባቸው።

«ማማሰያውን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጨዉንም የጨመርኩት እኔ። ሁለት እፍኝ። ያልተጨመረ መስሎኝ፣ ልጄን እንዳያዋርዱብኝ ብዬ። ሳህኑ ሲመለስ አውቄዋለሁ፤ ዝም አልኩ። ማታም ዋሸሁ። አሰለች፣ እጅሽ ደኅና ነው። እጅሽ ምንም አላጠፋም።»

ከዚያ ሰይድ ከጥግ፣ «እማማ፣ ትናንት አውሮፕላን ማረፊያ ባልሄድ ኖሮ ያንን የምጎርሰው እኔ አልነበርኩም?» አለና ሰዉ ሣቀ። ሣቁ ክፋት አልነበረበትም። ወይዘሮ ወለላን ግን እንደ ሳማ ለበለባቸው። እትዬ አሰለች አልሣቁም፤ ተነሥተው ጉንጫቸውን ሳሟቸው። ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር።

«ቆይ!» አሉ አቶ ታፈረ። «እንግዲያ ባዕድ ሰው ኩሽና ገብቷል ማለት ነው! ይሄስ የማን ጥፋት ነው?»

ወይዘሮ ወለላ ተናግረው የጨረሱ መስሏቸው ነበር። ንጋት ግን ዳግመኛ ተነሣች።

«እሱም የኔ ነው ጋሼ። ዘበኛው ያሳለፋቸው የኔ ሰው ስለሆኑ ነው። ለኔ ሰው በሩ ክፍት መሆን አልነበረበትም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ሊያወርዱላት በመጡት ሸክም ላይ ሌላ ጨምረውባት አረፉ። አቶ ታፈረ ንጋትን ቆመው አዩአት፤ ሠራተኞቹን አዩ፤ ሁሉም በሰጡት ሂስ አፍረው አቀርቅረዋል፤ የደሴውን ልጅ ስም አላነሡም። «ወጥ ሠሪዋ ሥራዋ ላይ ትቆያለች። ያንቺ ሙከራ እስከ ፋሲካ ተራዝሟል» ብለው ወጡ።

ሰዉ ሲበተን ወይዘሮ ወለላ የንጋትን እጅ ያዙ።

«ዘበኛው ነግሮሽ ነበር አይደል? ማታ ስትጠይቂኝ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እርስዎ እንዲነግሩኝ ፈልጌ ነው።» ንጋት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ድምጿ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ከዛሬ ጀምሮ ሠራተኛ ያልሆነ ሰው ኩሽና አይገባም። እርስዎም ቢሆኑ።»

«እሺ» አሉ።

የገና ዋዜማ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይዘሮ ወለላ በሶአቸውን ይዘው ከሆቴሉ የውጭ በር አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዘበኛው እንዳላያቸው ሆኖ ፊቱን አዙሯል። ይማርሽ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አገኘቻቸው።

«ምነው ወለልዬ፣ እንደ ለማኝ በር ላይ? የልጅሽ ሆቴል አይደለም እንዴ? አትገቢም?»

ወይዘሮ ወለላ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አደረጉ።

«ሥራ አስኪያጇ ከልክላኝ ነው» አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ጋለ። ይማርሽ እስክትሄድላቸው አንገታቸውን አላቀኑም፤ ከሄደች በኋላ ግን ቋጠሮውን ከብርድ ሸፈን አድርገው፣ ንጋት ብቅ እስክትል መጠበቃቸውን ቀጠሉ።