ለወንድ ወገብ የተቆረጠ ቀበቶ

እናትየዋ ልጇ ምሰሶ ስትወጣ የምትታሰርበትን ቀበቶ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ግርጌ ከከተተችው በኋላ፣ «ፈጣሪዬ፣ ለክፋት እንዳልሆነ አንተ ታውቃለህ» አለች በሆዷ።

ለክፋትስ አልነበረም። ልጇ በሙያ ማሠልጠኛው የመብራት ሥራ ከሚማሩት መሃል ብቸኛዋ ሴት ናት። የዛሬው ፈተና ደግሞ ምሰሶ ላይ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ አምፖል ገጥሞ መውረድ ነው። ስምንት ሜትር። እናትየዋ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል አልዋጥ ብሏታል። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ የሷ ልጅ ግን መፍራት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ጎረቤቶቿም «ሴት ልጅ ምሰሶ ላይ ምን አወጣት! ጽሕፈት ተምራ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ አትበላም?» ሲሏት፣ አፍ አውጥታ ባትናገርም ከነሱ ጋር ነበረች። ቀበቶ ከሌላት አያስወጧትም፤ ፈተናው ያልፋታል፤ ከዚያ ጽሕፈት ትገባለች። ሐሳቧ ይኸው ነበር።

ጠዋት ልጅቷ ቤቱን ገለባበጠችው።

«እማ፣ ቀበቶዬን አላየሽውም?»

«እኔ ምን አውቄ! ያስቀመጥሽበት ፈልጊ።»

«እዚሁ ሚስማሩ ላይ ነበር እኮ የሰቀልኩት!»

«እንግዲህ እግር አውጥቶ አይሄድ።»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ባዶ እጇን ወጣች። እናትየዋ እፎይ አለች።

ረፋዱ ላይ ሳሙና ልትገዛ ስትወጣ ሽማግሌው ጫማ ሰፊ ከጥጉ ጠራት።

«እህቴ፣ ቁንጫ ዛሬ ምን ሆና ነው በሩጫ ያለፈችው?» ከማነሷና ከዝላይዋ የተነሳ ልጅቷን የማያውቃት ሁሉ እንኳ ቁንጫ ነው የሚላት።

«ቀበቶዋ ጠፍቶባት ነው።»

«እሱንማ ነገረችኝ። ከማሠልጠኛው መጋዘን የወንዶቹን ተውሼ እወጣለሁ ብላኝ ሄደች።»

«ትወጣለች?»

«ምን ይይዛታል! እኔን ግን ጨንቆኛል። ያንቺ ልጅ ቀበቶ ላይ ሦስት ቀዳዳ የጨመርኩት ለጌጥ መሰለሽ? እዚያ ያለው ሁሉ ለወንድ ወገብ የተቆረጠ ነው። የቱንም ያህል ብታጠብቀው ሽልክ ብሎ በእግሯ ነው የሚወጣው።»

ሳሙናው ቀረ። እናትየዋ ቤቷ ተመልሳ ቀበቶውን ከአንሶላው መዥርጣ ሮጠች። ሻሿ ወልቆ አንገቷ ላይ ወደቀ፣ አላነሳችውም። «የኔን ኃጢአት በሷ አታድርገው፤ በሷ አታድርገው» ነበር ከአፏ የሚወጣው።

ግቢው ስትደርስ ተማሪዎቹ ምሰሶውን ከበው አንጋጠዋል። ልጇ ከእኩሌታው በላይ ወጥታለች። ቀበቶው ከወገቧ ወርዶ ዳሌዋ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ እርምጃ በወጣች ቁጥር ይንሸራተታል፤ በአንድ እጇ ምሰሶውን አቅፋ በሌላው ትጎትተዋለች።

«ቁንጫ፣ ዝለይ እንጂ!» አለ አንዱ። የሳቀለት አልነበረም።

እናትየዋ ልትጮህ አፏን ስትከፍት አስተማሪው ክንዷን ያዘ። «እንዳይጠሯት! ከደነገጠች ትለቃለች።»

እጇን ነክሳ ቆመች። ልጅቷ ጫፉ ላይ ደረሰች። አምፖሉን ለመግጠም ሁለት እጅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ከለቀቀች ደግሞ የሚይዛት የለም። አንዱን እጇን ለቀቀች። ቀበቶው ጭኗ ላይ ወረደ። ሰውነቷ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ከታች ያለው ሁሉ «ኡ!» አለ፤ እንደምንም ተመልሳ ምሰሶውን አቀፈችው። ግንባሯን እንጨቱ ላይ አስደግፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ እያለች መውረድ ጀመረች። እግሯ መሬት ነካ።

አስተማሪው መዝገቡን ገለጠ። «አላለፈችም። መጀመሪያም ብያለሁ፣ ይሄ የወንድ ልጅ ሥራ ነው።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እናትየዋ የተመኘችው ሁሉ ሆኖላታል፦ ልጇ በሕይወት አለች፣ ፈተናውም አልፏታል። ቀበቶውን በሻሿ ሸፍና ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ፈጣሪ ግን አይቷል።

«መምህር፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «በልኳ የተሠራው ቀበቶ ይኸውና። የደበቅኩት እኔ ነኝ። እሷ ምን አጠፋች? የፈራሁት እኔ!»

ልጅቷ ቀና አለች። «አላየሁም አልሽኝ እኮ፣ እማ።»

«ዋሸሁሽ ልጄ።»

አስተማሪው ሁለቱን እያፈራረቀ አየ። «ታዲያ መልሳ ትውጣ ነው የሚሉኝ?»

ይሄን አላሰበችም። እውነቱን ተናግራ ልጇን ራሷ መልሳ ምሰሶው ላይ ልትሰቅላት እንደሆነ አሁን ገና ገባት።

«እሷን ይጠይቋት» አለች በመጨረሻ።

«እወጣለሁ» አለች ልጅቷ።

አኩርፋለች፤ የእናቷን ፊት አላየችም። የወንዶቹን አውልቃ የራሷን ቀበቶ ወገቧ ላይ አዞረች፤ ጣቶቿ ግን ዝለው ዘለበቱ እምቢ አላት። መጥታ እናቷ ፊት ቆመች።

«እሰሪልኝ። ጠበቅ አድርጊው።»

እናትየዋ ተንበረከከች። አሰረችው። አንዴ ሳበችው፣ ደግማ ሳበችው፣ ደግሞም ያዘችው።

«በቃ እማ፣ ልቀቂኝ።»

ለቀቀቻት። የልጅቷ እግር ከመሬት ሲነሳ እናትየዋ ዓይኗን ልትጨፍን ፈለገች፤ አልሆነላትም።