ሳታጉረመርም የነከሰች

ፀጉር አስተካካዩን ደንበኞቹ «ለስላሳው» ይሉታል። ስሙን ያወጣለት ከእጁ ይልቅ ምላሱ ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ወንበሩ ላይ ሲያስቀምጡለት «የኔ ጌታ፣ ስማት እስቲ፣ መቀሷ እኮ እያንጎራጎረች ነው» እያለ ልጁ ሳይታወቀው ከርክሞ ያወርደዋል። ጆሮው የደከመ ሽማግሌ አንዱን ወሬ አራት ጊዜ ቢደግምለት፣ አራቱንም ጊዜ እንደ አዲስ «እንዴ! ከዚያስ?» ይላል።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልሎ ሱቁ በር ላይ ሲቆም ደንበኞቹ ሁሉ አዘኑለት።

«ውሻችን አብዳ ነው» አለ።

«በቃ፣ ያጎረሰ እጅ ተነከሰ በለና!» አለው አንዱ፤ ሁሉም ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሲነከስ ምን እያደረገ እንደነበር የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም አልተናገረም።

ውሻዋ ዳማ ትባላለች፤ የእናቱ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት እናቱ ምድጃ ላይ የጣደችውን እየረሳች፣ የገዛ በሯ እየጠፋባት ስትቸገር፣ ከነውሻዋ ወደ ራሱ ቤት አመጣት። ታላቅ እህቱ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ በደወለች ቁጥር «አንተ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር» ትለዋለች።

እናቱ አንዱን ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች። «አባትህ አልመጣም?» እስከ አምስተኛው ድረስ ይመልስላታል። ስድስተኛው ላይ፣ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ሲያድለው የዋለው ትዕግሥት ያልቅበታል። «ሞቷል አልኩሽ እኮ! ስንቴ ልንገርሽ!» ብሎ አልጋዋ ላይ አጎንብሶ ይጮኻል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ማለት እሱ ነበር። እጁን አንስቶባት ግን አያውቅም፤ ኅሊናው በጎረበጠው ቁጥር ይህችን ነገር ለራሱ ይነግራል።

መጀመሪያ ላይ እሱ ሲጮህ ዳማ ከአልጋው ሥር ታጉረመርም ነበር። «ጭራሽ በገዛ ቤቴ!» ብሎ በነጠላ ጫማ መታት። በነጋታውም መታት። በሦስተኛው ሳምንት ዝም አለች። «አየሽ እማዬ፣ ሥርዓት ያዘች» አለ ደስ ብሎት።

እጁ በተነከሰበት ዓርብ ጠዋት እናቱ ልታግዘው ብላ የሱቁን እርጥብ ፎጣዎች አጣጥፋ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ከንጹህ ልብሱ ጋር ከተተችለት። ሸሚዝ ሊያወጣ ሲከፍት ሁሉም ርሷል። ወደ እናቱ ተንደርድሮ ገባና ከአናቷ በላይ ቆሞ፣ ጣቱን እየቀሰረ «ማን ንኪ አለሽ? ማን?» ሲል፣ ዳማ ድምፅ ሳታሰማ ተስፈንጥራ እጁን ያዘችው።

ጤና ጣቢያ ቁስሉን አጥበው መርፌ ወጉት። እሱ ግን እዚያው ሆኖ ቆርጦ ነበር፤ ይህች ውሻ በመርፌ ከዚህ ዓለም ትሸኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ወሰዳት። እናቱን ብቻዋን ጥሏት መሄድ ስለማይችል እሷንም ይዞ ሄደ።

ሐኪሟ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ዳማን ጠረጴዛው ላይ አውጥታ ጆሮዋን፣ ጥርሷን፣ ሆዷንና መገጣጠሚያዋን በዝግታ ዳሰሰች። ዳማ እንደ በግ ቆመችላት።

«ክትባቷ አላለፈም። ለማንኛውም ዐሥር ቀን በክትትል ትቆያለች። ግን ያበደች አትመስልም» አለች። «ከመንከሷ በፊት ምን አደረገች?»

«ምንም። ድንገት ነው፣ ዶክተር።»

«ውሻ እንዲያው ድንገት አይነክስም። መጀመሪያ ፊቱን ያዞራል። ከንፈሩን ይልሳል። እንቅልፍ ሳይመጣው ያዛጋል። ራሱን ያሳንሳል። ይኼ ሁሉ ‹እባክህ ተወኝ› ማለት ነው። ካልሰሙት ያጉረመርማል። ሰው ጥጋብ ይመስለዋል እንጂ የሚያጉረመርመው ላለመጣላት ብሎ ነው፤ ተፈጥሮው ነው። እሷ አታጉረመርምም?»

«ድሮ ነበር። አስተውኳት።»

«በምን?»

«በጫማ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። «እንግዲያው ማስጠንቀቂያዋን ቀምተዋታል፤ የቀራት ጥርሷ ነው» አለች። «ስትነክስዎ ምን ላይ ነበሩ? ጩኸት ነበር?»

ለስላሳው አፉን ከፈተ። ያ ማር ምላስ ከዳው። «ፎጣ... ፎጣ እያነሳሁ ነበር» አለ። ላብ አጥምቆት ስለነበር ግንባሩን ሊጠርግ ደህና እጁን ድንገት ሲያነሳ፣ አጠገቡ የተቀመጠችው እናቱ ፊቷን አዞረች። ከንፈሯን ላሰች። ትከሻዋን ሰብስባ ወንበሯ ጥግ ላይ ኩርምት አለች።

ሐኪሟ አየች። እሱም አየ። ሐኪሟ ማየቷንም አየ።

ዳማ ከጠረጴዛው ዘላ ወርዳ በእናትና በልጅ መሃል ገብታ ቆመች።

ሙቀት ከአንገቱ ተነስቶ ጆሮው ጫፍ ድረስ ወጣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ልጄ ደህና ልጅ ነው» አለች እናቱ፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ሲደክመው ብቻ ነው። እኔ ነኝ የማስቸግረው።»

የባሏን ሞት እንኳ የማትይዝ ሴት፣ የልጇን ገመና መሸፈን አልረሳችም። ይህ ከንክሻው ይልቅ ዘልቆ ገባው።

«እጮህባታለሁ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ውሻዋ ምንም አልሆነችም፣ ዶክተር። እናቴ ላይ በየቀኑ እጮህባታለሁ። ያኔም እየጮህኩ ነበር።»

ሐኪሟ እጇን ታጥባ አደረቀች። «ለእማማ ብላ ይሁን ራሷ ፈርታ፣ የውሻዋን ልብ አላውቅልዎትም። ከላይ የሚቆም ሰው፣ የሚቀሰር ጣትና ጩኸት ግን ለውሻ ‹መጣሁብሽ› ማለት ነው። በጎን በኩል ይምጡ። ከመናገርዎ በፊት ይቀመጡ።» ወደ አሮጊቷ ዞር አለች። «ለሁለቱም።»

ቤት እንደገቡ እናቱ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ይቅርታ ጠየቃት። «ለምኑ?» አለችው ፈገግ ብላ። ሊያስረዳት ሞከረ፤ አልያዘችለትም። ያልገባት እናት ይቅር ስላለችው ምንም አልቀለለውም።

እህቱ ስትደውል «አንተ ባትኖር...» ብላ ጀመረች። «ተይ፣ እንደሱ አትበይኝ» አላትና ሁሉንም ነገራት። እህቱም «መጥቼ ለጥቂት ወራት ልውሰዳት?» አለች።

«ነይ። ብቻዬን አልቻልኩም» አላት።

ሱቅ ውስጥ «ያቺን እብድ አስወገድካት?» ብለው ሲጠይቁት፣ መላጨቱን አቁሞ «አላበደችም። የነከሰችኝ እናቴ ላይ ስጮህ ነው» አለ። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሌላው ያነበበውን ጋዜጣ እንደገና ከላይ ጀመረ። የሳቀ አልነበረም።

ዐሥሩ ቀን አለፈ፤ ዳማ ደህና ሆና ከረመች። ምግቧን ግን እሱ አስቀምጦ ካልራቀ አትቀምስም።

በወሩ እህቱ መጣች። በሚሄዱበት ዕለት፣ አውቶቡስ ተራ ላይ፣ እህቱ ዳማን ይዛ ቀድማ አውቶቡሱ ውስጥ ገባች፤ እሱ ወደ እናቱ በጎን በኩል መጥቶ፣ አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀምጦ፣ ቀስ ብሎ «እንሂድ?» አላት። እናቱ ረጅም ጊዜ አየችው።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?» አለችው። «ደግ ሰው ትመስላለህ።»

ክንዷን ደግፎ ደረጃውን አወጣት።