የአመተሥላሴ ልጓም

ተሾመች ከአዲስ አበባ የመጣች ልጇን አመተሥላሴን የተቀበለች ዕለት ከደስታዋ ብዛት ምንም አላስተዋለችም። ሞላሌ ገበያ ዳር ከጭነት መኪናው ስትወርድ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ አገላብጣ ሳመቻት፤ አለቀሰችም። አመተሥላሴ ግን አፏን ግጥም አድርጋ ራሷን ብቻ ትነቀንቅ ነበር። ቤት ገብተው እግሯን ታጥባ፣ በሶ ተበጥብጦ ቀርቦላትም ያው ነው። ባሏን ከቀበረች ወዲህ ለተሾመች የቀረቻት ይቺው አንዲት ልጅ ናት። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባል የለ፣ ስትገላበጥ አደረች። «ከተማ ገብታ ናቀችኝ» አለች በልቧ።

ንቀትስ አልነበረም። ልጅቷ ድሮ ገጣጣ ነበረች፤ ከንፈሯ የማይሸፍነው፣ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ስም ያወጣለት ገጣጣ። አክስቷ አማከለች አዲስ አበባ ለአንድ ፈረንጅ የጥርስ ሐኪም ወጥ ትሠራ ነበርና ወስዳ ትምህርት ቤት አስገባቻት። ሐኪሙ በየቀኑ ሲያያት አንጀቱን በላችው መሰለኝ፣ ጥርሷን በሽቦ አስሮ፣ እያጠበቀ እያላላ፣ ወደ ውስጥ መልሶ አሰለፈላት። ሽቦው ሲፈታ ግን ጥርስ እንደ ከብት ነው፣ የድሮ በረቱን አይረሳም። ስለዚህ ድድ የመሰለ ቀይ ፕላስቲክ፣ ከፊቱ ቀጭን ሽቦ ያለበት፣ ላንቃዋ ላይ ገጠመላት። «ለምግብ ካልሆነ እንዳታወልቂው። ክረምቱን እናትሽ ዘንድ ልመጂው፣ በመስከረም አየዋለሁ። ከዚያ እኔ ወደ አገሬ መሄዴ ነው፤ ጥርሱ ከተመለሰ ዳግመኛ የሚያስተካክልልሽ የለም» አላት።

ተሾመች ይህን የሰማችው ልጅቷ አንድ ቀን እያለቀሰች ነገርየውን ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ ስታኖርላት ነው። ተሾመች አገላብጣ አየችውና በእፎይታ ሳቀች።

«ወይ አንቺ ልጅ! ይሄ እኮ ልጓም ነው!»

ከዚያ ወዲያ ስሙ ልጓም ሆኖ ቀረ።

ለአመተሥላሴ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ምላሷ ጤፍ ይቆላል የተባለላት ልጅ፣ ልጓሙን ስታጠልቅ ምራቋ አፏን ይሞላዋል፣ «ሰ» ባለችበት «ሸ» ይወጣል። ጎረቤታቸው አዛለች እንኳን ደህና መጣሽ ልትል መጥታ ንግግሯን ስትሰማ፣ «ምነው፣ አማርኛውን እዚያው ጥላው መጣች?» አለች። አዛለች ክፉ ሴት አይደለችም፤ አፏ ግን በር የለውም። ልጅቷ ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰው ሸሸች። ውኃ እንኳ የምትቀዳው ሴቶቹ ቀድተው ከተመለሱ በኋላ ነው። እናቷ ዘወር ስትል ደግሞ ልጓሙን አውጥታ ከቁና ሥር ትሸጉጠው ነበር።

አንድ ቀን ዝናቡ ደጁን ሲዘጋው ሁለቱም እሳት ዳር ቁጭ ብለው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። ተሾመች እንዝርቷን አስቀመጠችና ከእንቅቡ አንዲት ደረቅ ባቄላ አንስታ ከላንቃዋና ከምላሷ መካከል ወተፈቻት።

«እኔም ተለጎምኩ» አለች፣ እየተኮላተፈች። «በይ አጥልቂና አብረን እንድገም። አቡነ ዘበሸማያት፣ ይትቀደሽ ሽምከ…»

አመተሥላሴ መጀመሪያ ደነገጠች። ቀጥሎ ሳቋ አፈናት፤ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። «እምዬ፣ እግዜር ይቆጣል!»

«አይቆጣም። የፈጠረውን አፍ ያውቀዋል።»

ከዚያ በኋላ ይኸው ሥራቸው ሆነ። እናት ባቄላዋን፣ ልጅ ልጓሟን ይዘው አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ፣ የጎረቤቱን ሁሉ ስም ይጠራሉ፣ አዛለችን ያማሉ። ልጅቷ እያደር ምራቋን መዋጥ፣ ቃሉን መያዝ ለመደች። ተሾመች ደስ ይላታል፤ ደስ እያላት ደግሞ ሆዷ ይባባል። አንድ ቃል በተቃና ቁጥር መስከረም አንድ እርምጃ ይቀርባል። በገዛ እጇ ለመሄጃዋ እያሰናዳቻት ነበር።

ፍልሰታ ገባ። ልጅቷ ልትቆርብ ፈለገችና ተሾመች ቄስ ገብረየሱስን ጠየቀቻቸው።

«ይዋጣል?» አሏት።

«አይዋጥም፣ አባ።»

«እንግዲያ ጾም አይሽርም። ለሥጋ ወደሙ ግን አፏ ባዶ ይሁን።»

እናትና ልጅ አብረው ቆረቡ። አመተሥላሴ ልጓሙን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ነበር። አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ከቅጥሩ ሲወጡ ቋጠሮው ተፈትቶ ተገኘ፤ ልጓሙ የለም። ልጅቷ እየተርበተበተች ወደ መቅደሱ በር ተመለሰች። ተሾመች ከጽዱ ሥር እርጥቡን ሣር ስትዳብስ ቀዩ ነገር እጇ ገባ። ልትጠራት አፏን ስትከፍት የልጇ ድምፅ ቀደማት።

«ከጠፋማ አልሄድም! ገጣጣ ሆኜ ሐኪሙ ፊት አልቆምም። እዚሁ ካንቺ ጋር እቀራለሁ!»

የተሾመች መዳፍ ተጨበጠ። ልትጨብጠው አላሰበችም፤ እጇ ራሱ ተጨበጠ።

«አገኘሽው፣ እምዬ?»

«አላየሁም» አለች፣ አሁን በቆረበ አፏ።

የዚያን ዕለት ምሽት የመሰለ ምሽት በዚያ ቤት አልነበረም። አፏ የተፈታው ልጅ አወራች፣ አወራች። ሐኪሙ ውሻውን በሳሙና አጥቦ አልጋ ላይ እንደሚያስተኛ፣ አክስቷ ያንን ውሻ «ጌታዬ» እያለች እንደምትሰድበው እያስመሰለች ስትነግራት ተሾመች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ዕድሜ ልኬን እንዲህ ቢሆን ምን አለበት» አለች በልቧ። ልጓሙ ጉያዋ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ የጎኗን አጥንት ይቆረቁራት ነበር።

ማለዳ ልትወጣ በሩን ገርበብ ስታደርግ ብርሃኑ መደቡ ላይ አረፈ። አመተሥላሴ የበግ ጠጉር ባናዋን ተከናንባ ተኝታለች። አውራ ጣቷ አፏ ውስጥ ነው። ተሾመች እንደ ሕፃን የምትጠባ መስሏት ፈገግ አለች። ጠጋ ብላ ስታይ ግን እየጠባች አይደለም፤ በእንቅልፏ የፊት ጥርሷን ወደ ውስጥ እየገፋች ነው። እንዳይመለስባት ደግፋ ይዛዋለች። ከንፈሯ በጥፍሯ ተፍቆ ደምቷል።

ተሾመች እዚያው ቆማ አለቀሰች። ከዚያ ልጓሙን በንጹሕ ውኃ አጥባ ቀሰቀሰቻት።

«እንኪ።»

«የት ተገኘ?»

«እኔ ዘንድ ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት» አለች ተሾመች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ልጅቷ እናቷን ረጅም ጊዜ አየቻት። ቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። ልጓሙን አጠለቀች፣ ምራቋን ዋጠች፣ ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ተመስገን» አለች። «ሰ»ዋ ምንም እንከን የላትም ነበር። ተሾመች ሰማችው፤ ያን ጊዜ እንደምትሄድ ቁርጡን አወቀች።

መስቀል እንዳለፈ ሞላሌ ድረስ ሸኘቻት። መኪናው ሲነሳ አመተሥላሴ ከጭነቱ ላይ ብድግ ብላ፣ «ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ሰላም ሰንብቺ!» ብላ ጮኸች። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየ፤ ጥርሷ ያምር ነበር።

ሲመሽ አዛለች ብቅ ብላ፣ «እንዴት ነሽ፣ ቤቱ ጭር አለብሽ?» አለቻት።

«ደህና ነኝ» አለች ተሾመች። አዛለች ያለ ወትሮዋ ብዙ ሳታወራ ሄደች።

ተሾመች እሳቱን ቆሰቆሰች። ጠጉሩን ከፊቷ አድርጋ እንዝርቷን አነሳች። ጥቂት ፈትላ አቆመችና ከእንቅቡ አንዲት ባቄላ አውጥታ አፏ ውስጥ አኖረች።

«አቡነ ዘበሸማያት» አለች። «ይትቀደሽ ሽምከ…»

እዚህ ላይ ልጅቷ ትስቅ ነበር። ተሾመች ቆም አለች። ከዚያ ባቄላውን ሳታወጣ፣ እስከ አሜን ድረስ ብቻዋን ደገመችው።