ቅምቅማት ውስጥ የተሰፋው ሳንቲም

ልብስ ሰፊዋ መጋረጃ ስትሰፋ የማትለቀው አንድ ልማድ ነበራት። በየመጋረጃው በሁለቱም የታች ማዕዘን፣ ቅምቅማቱ ውስጥ፣ አንዳንድ ሳንቲም ሸጉጣ ትሰፋለች። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ነፋስም አያንገላታውም። ሙያውን ያሳየቻት ሴት እንዲህ ታደርግ ነበር፤ እሷም ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስታደርግ ኖረች። ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ የእርሳስ ማክበጃ መኖሩን አጥታው አይደለም። "ሳንቲም እያለ እርሳስ የሚገዛ ሞኝ ነው" ትል ነበር። ሞኙ ማን እንደሆነ ቆይተን እናየዋለን።

አብሯት የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነው። ባልደረቦቹ መልስ ሲቆጥሩ እሱ ሳንቲሙ የታተመበትን ዓመት ያነብ ነበር፤ ብርቅ ዓመት ሲያጋጥመው ከኪሱ ሌላ ሳንቲም ተክቶ ይወስደዋል። በዚህ ዓይነት ያጠራቀማቸው ብዙ ናቸው፤ የሚመካው ግን በሁለት ብቻ ነበር። ሁለቱም የዓመታቸው መጨረሻ ሰባት ቁጥር ነው። በዚያ ዓመት ማተሚያ ቤቱ የሳንቲሙን መልክ ሊለውጥ ሲል ስምንት ሺህ ብቻ አትሞ አቆመ። ስምንት ሺህ ሲሉት ብዙ ይመስላል። ግን ብርቅ ነው ብሎ ያስቀመጠው የለም፤ ሕዝቡ ዳቦ ገዛበት፣ ለልጅ ሰጠው፣ መንገድ ላይ ጣለው፣ አለቀ። "ስንቱ ጨበጠው መሰለሽ! ያየው ግን የለም" ይላል ወንድሟ ደረቱን ነፍቶ።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት፣ ዓይኑ መፍዘዝ ጀምሮት ስለነበር፣ ሁለቱን ሳንቲሞች በመስኮቱ ብርሃን ሊያስተያይ ስፌት መኪናዋ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። በር ተንኳኳ፤ ሊከፍት ሄደ። ሲመለስ አንዱ ብቻ ነበር።

"የት አደረግሽው?"

"ምኑን?" አለች፤ ያን ሰሞን ሥራ በዝቶባት ቀና የምትልበት ጊዜ አልነበራትም።

"ሰባቱን ነዋ!"

"አንተን ይንሳኝ ጋሼ፣ አልነካሁም።"

"በእናታችን ነፍስ ማይ።"

ማለች። ከልቧ ነበር የማለችው።

በማግስቱ ወንድሟ ለሳንቲም ሳጥኑ ጓጉንቸር ገዛ፤ ቁልፉንም በክር አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አለ ወደ ግድግዳው ዞሮ። እሷም "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" ብላ ለስፌት መኪናዋ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ተነጋግረው አያውቁም። ቁልፉ ግን ይናገር ነበር። ወንድሟ ሾርባ ሊጠጣ ባጎነበሰ ቁጥር ቁልፉ ከሳህኑ ጋር ይጋጭና ኳ! ይላል። ኳ ባለ ቁጥር እሷን ሌባ ያላት ይመስላታል። ሳንቲሙ አይደለም ያንገበገባት፣ ያ ድምፅ ነው።

እስከዚያው የወንድሟን ዓይን ሞራ ሸፈነው። ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ያፈሳል፤ የገዛ ቤቱን ደረጃ በእግሩ እየዳሰሰ ይወርዳል። የዓይን ሐኪሙ "ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ ሳይውል ሳያድር ይሠራ" ብሎታል። ቀላሉ ቀዶ ሕክምናው እንጂ ክፍያው አልነበረም። በመጨረሻ ወንድሟ ቆረጠ፤ የቀረችውን ሰባት ሊሸጥ፣ ሳንቲም መሰብሰብ የሚወደውን የሰፈሩን ሰዓት ሠሪ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ጠራው።

ሰዓት ሠሪው አጉሊ መስታወቱን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሳንቲሙን አገላበጠው። ልብስ ሰፊዋ ጥግ ላይ የደንበኛ መጋረጃ ጭኗ ላይ ዘርግታ ትቀመቅማለች፤ ጆሮዋ ግን እነሱ ዘንድ ነው።

"ይሄን ምን አደረጉት?" አለ ሰዓት ሠሪው።

"ተንከባከብኩት ነዋ! በየሳምንቱ በጥርስ ሳሙና ፈትጌ ነው የማስቀምጠው። አያብለጨልጭም?"

"ያብለጨልጫል። እሱ ነው ችግሩ።" ሰዓት ሠሪው መስታወቱን አወለቀ። "ወንድሜ፣ ገደሉት እኮ! ከማተሚያው ይዞት የወጣውን ቆዳ ነው የገፈፉት። ሰብሳቢ የሚከፍለው ደግሞ ለዚያ ቆዳ ነው። አሁን ብገዛዎት የመነጽር ዋጋ እንኳ አይወጣውም።"

ወንድሟ ሐሞቱ ፍስስ አለ። እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ሳንቲሙን ሲፈልግ፣ ሳንቲሙ ከጣቱ ሥር እያለ አጣው። ሁለት ዓመት ያኮረፈ ልቧ በአንድ ጊዜ ራራ።

"ሌላ የለዎትም?" አለ ሰዓት ሠሪው።

"ነበረኝ።" ወደ እሷ አልዞረም። "ጠፋ።"

"ያሳዝናል። ሰው ያልፈተገው፣ ጨለማ ውስጥ ጨርቅ ተሸፋፍኖ የተኛ ሰባት ባገኝ ዛሬውኑ እገዛው ነበር። ዋጋው ለአንዱ ብቻ አይደለም፣ ለሁለቱም ዓይንዎ ይበቃል።"

ጨርቅ ተሸፋፍኖ! ልክ ያኔ የልብስ ሰፊዋ አውራ ጣት አንድ ሳንቲም ወደ ቅምቅማቱ ማዕዘን እየገፋ ነበር። ጣቷ እዚያው ቀረ። ይሄን ሳንቲም ከየት አነሳችው? ከጠረጴዛው ላይ። አይታዋለች? አላየችውም። እጇ እንደሆነ ጠረጴዛው ላይ ሳንቲም ካገኘ አንስቶ መክተት ነው፤ ዓይኗን አስፈቅዶ አያውቅም። ያን ሰሞን ደግሞ የጥርስ ሐኪሙን መጋረጃዎች ነበር የምትሰፋው። ለካ አይጧ ራሷ ኖራለች።

"ክር አልቆብኛል፣ መጣሁ። እርስዎም ሻይ ይድገሙ፣ እንዳይሄዱብኝ!" አለችው ሰዓት ሠሪውን፤ መቀሷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታም ወጣች።

መንገዱን ሁሉ ያስጨነቃት አንድ ነገር ነው፤ መጋረጃው ታጥቦ ከሆነስ? የጥርስ ሐኪም ነው፣ ንጽሕና እንጀራው ነው። ሁለት ዓመት በበረኪና ሲዘፈዘፍ የኖረ ሳንቲም፣ በጥርስ ሳሙና ከተፈተገው ቢብስ እንጂ አይሻልም።

የሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ጉንጫቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አራት መጋረጃ፣ ስምንት ማዕዘን። በመጀመሪያው ሥር ተንበረከከች።

"እትዬ፣ ተራ አለ" አላት አንድ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ።

"የእኔ ተራ ሁለት ዓመት አልፎታል" አለችና መተርተር ጀመረች።

የመጀመሪያውን ማዕዘን ፈታች፤ ተራ ሳንቲም። መልሳ ሰፋችው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛውም ያው። አምስተኛውም ስድስተኛውም ተራ ሳንቲም ሲሆኑ ተስፋዋ ተሟጠጠ። ይሄኔ ሐኪሙ ጓንቱን እንዳጠለቀ ከውስጥ ብቅ አለ።

"እትዬ! ምን እያደረጉ ነው?"

"ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ መጋረጃ ታጥቦ ያውቃል?"

ሐኪሙ ሕመምተኞቹን አየ፤ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን "ንጽሕና ለጤና" የሚል ጽሑፍም አየ። ጉሮሮውን ጠረገ። "በየወሩ እንዲታጠብ… ታስቦ ነበር።"

"ታጥቦ ያውቃል ወይ?"

"አያውቅም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"እሰይ! ይባረኩ! እንደ እርስዎ ያለውን ሐኪም ያብዛልን!"

ሐኪሙ መመረቁ ይሁን መሰደቡ አልገባውም። እሷ ሰባተኛውን ማዕዘን ተረተረች። ከአቧራ ጋር አንድ ሳንቲም መዳፏ ላይ ወደቀ። አያብለጨልጭም፤ የለሰለሰ፣ የረጋ መልክ አለው። መነጽሯን አድርጋ አየችው። ሰባት! እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። እፎይ አለች፤ ከእግር ጥፍሯ የተነሣ እፎይታ ነበር። እንባዋ ቢመጣም አላፈረችበትም። ሳንቲሙን ጠርዙን ብቻ ይዛ በመሐረቧ ጠቀለለችው።

ስትመለስ ሰይጣን መንገድ ላይ አገኛት። "ከስፌት መኪናው ሥር ወድቆ አገኘሁት በይ፤ መሐላሽም ንጹሕ ይሆናል" አላት። ነገሩ ያምራል፣ የሚጠይቃትም የለም። ግን በእናቷ ነፍስ አንድ ጊዜ ሳታውቅ ዋሽታለች፤ አውቃ ልትደግመው አልፈለገችም።

ቤት ገብታ መሐረቡን ሁለቱ ፊት ዘረጋችው። "እኔ ነኝ የወሰድኩት ጋሼ። ሳላይ ከጥርስ ሐኪሙ መጋረጃ ጋር ሰፍቼዋለሁ። ያኔ የማልኩት ሐሰት ነው።"

ሰዓት ሠሪው መስታወቱን ሰክቶ ረጅም ጊዜ አየ። "ማንም አልነካውም" አለ በመጨረሻ። "እንደተወለደ ነው! የነገርኩዎትን ዋጋ ሳልቀንስ እወስደዋለሁ።"

"ሁለት ዓመት" አለ ወንድሟ። ልቧ ተሰቀለ። "ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ጋ ቢሆን፣ መቶ ጊዜ በሳሙና ፈትጌው ነበር!" ሳቅ አፈነውና ጠረጴዛውን ደበደበ። "ደግሞስ ያንቺ ጠረጴዛ ላይ ሳንቲም ማስቀመጥ ምን ይሉታል? ድመት ፊት ሥጋ! ጥፋቱ የኔ ሆኖ ሳለ አንቺን ሌባ አደረግሁሽ። ይቅር በይኝ እህት ዓለም።"

"አንተም ይቅር በለኝ" አለች።

"ሳይደግስ አይጣላም" አለ ሰዓት ሠሪው፤ ሦስተኛ ሻዩን እየጠጣ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። "የሐኪሙ መጋረጃ አንድ ማዕዘኑ ባዶውን ቀርቷል፤ ሄጄ ልድፈነው" ብላ ለቅምቅማት ሳንቲም የምታኖርበት ቆርቆሮ ውስጥ ማክበጃ ስትፈልግ፣ ወንድሟ ክሩን በጭንቅላቱ አውልቆ ቁልፉን ወደ እሷ ዘረጋ።

"ይሄ አይከብድም?"

"ሳጥኑስ?"

"ሳጥኑ ክፍቱን ይዋል።"

ቁልፉን ሰባተኛው ማዕዘን ውስጥ ሰፍታ ስትመለስ ወንድሟ ምሳ አቅርቦ ጠበቃት፤ የሾርባውን ግማሽ ጠረጴዛው ላይ ቀድቶታል። ጠረገችለትና ተቀመጡ። ወንድሟ ወደ ሳህኑ አጎነበሰ። ኳ የሚል ነገር አልተሰማም።