ሳህኑን የተከተሉ ዓይኖች

ጋሽ ሙሔ ከደሴ ሜልቦርን ከመጡ ጀምሮ አንድም ቀን ጠግበው አያውቁም። ይህን ልጃቸው ሰዓድ አያውቅም፤ ምራታቸው ኒስሪንም አታውቅም። በኖርዝ ሜልቦርን የመንግሥት ፎቅ ላይ ባለችው ቤታቸው ምግብ ጠፍቶ አልነበረም። ኒስሪን ሩዙን በሥጋ ታቀርባለች፣ ሳምቡሳ ትጠብሳለች፣ ከፉትስክሬይ ገበያ ትኩስ ዳቦ ታመጣለች። ጋሽ ሙሔ ጥቂት ቀማምሰው እጃቸውን ይሰበስባሉ።

«ልጨምርልዎት አባ?»

«ኧረ በቃኝ ልጄ፤ አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ።»

«እሺ» ትልና ሳህኑን ታነሳለች።

ጋሽ ሙሔ ባደጉበት አገር የመጀመሪያው «በቃኝ» ከሰላምታ አያልፍም። ሁለተኛው ጨዋነት ነው። ሰው በእውነት መብላት የሚጀምረው አቅራቢው «በሞቴ፣ ይችን ብቻ» ብሎ ከለመነው በኋላ ነው። እሳቸው ራሳቸው በየሠርጉ ዳስ እየተጠሩ፣ በእንግዳው መሀል እየዞሩ «ብሉ እንጂ» የሚሉ ሰው ነበሩ። ሙሔ ካልዞረበት ሠርግ ሰው ተርቦ ይወጣል ይባል ነበር።

ኒስሪን ግን በልጅነቷ በሱዳን አድርጋ መጥታ እዚሁ ያደገች ናት። የምትሠራው የሕፃናት መዋያ ውስጥ ሲሆን፣ እዚያ መጀመሪያ ያስተማሯት ነገር በቃኝ ያለን ልጅ ማስገደድ ነውር መሆኑን ነው። ሳህኑን የምታነሳው አማቷን ያከበረች መስሏት ነበር። ሰዓድም የመኪና ፋብሪካ ውስጥ የማታውን ሺፍት ስለሚሠራ እራት ላይ አይገኝም።

የጋሽ ሙሔ ጉንጭ እየገባ ሄደ። ቀበቷቸውን ተደብቀው በምስማር በሱት። ምራቴን ሰልችቻታለሁ ብለው ደመደሙ። ኒስሪን በበኩሏ የእጄ ሙያ አልጣማቸውም ብላ አዘነች። እናትም አባትም በሕይወት ስላልነበሯት፣ የእኒህን ሽማግሌ መምጣት የጠበቀችው ከሰዓድ ይልቅ እሷ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ሙሔ ልጃቸውን ጠሩት።

«ሰዓድ፣ ሰኞ ቲኬቴን ቡክ አድርግልኝ። ብርዱ አልተስማማኝም።»

«ገና መምጣትዎ እኮ ነው አባ!»

«አየኋችሁ፤ ይበቃል።»

ኒስሪን ወጥ ቤት ሆና ሰማች። የያዘችውን ብርጭቆ ደጋግማ አጠበችው።

እሑድ ከሰዓት ሰዓድ ለኦቨርታይም ተጠርቶ ሄደ። አማትና ምራት ብቻቸውን ቀሩ፤ ኒስሪን ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። የውጭ አገር ፊልም የሚያሳየው ጣቢያ በቅርቡ የሞተ የአንድ ስዊድናዊ ኮሜዲያን ታሪክ ያቀርባል። ቶርስተን ኤክቤክ ይባላል፤ ረጅም፣ ፊቱ እንደተዘጋ በር ጭጭ ያለ ሰውዬ። ኒስሪን ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እያነበበች ተረጎመችላቸው።

«የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነው ይላል። መጀመሪያ ቲያትር ቤት አስተናጋጅ ነበር። አንድ ቀን ተዋናይ ታሞ እሱን ተክተው አስገቡት፤ የሚለው ጠፍቶት ዝም ብሎ ሲቆም ሰዉ በሳቅ ሞተ።»

«ከዚያስ?»

«ሬዲዮ ሞከረ። ግን ቀልዱ ዝምታ ስለሆነ፣ ሰው ሬዲዮኑ የተበላሸ እየመሰለው ይደበድበው ነበር።»

ጋሽ ሙሔ በአፍንጫቸው ሳቅ አሉ። ኒስሪን ሲስቁ ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ፊልም ነው ያወጣው። ሲያረጅ ደግሞ ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ሆኖ ሠራ፤ በዚያው ፊቱ አገሩን አስለቀሰ።»

ቀጥሎ ሰውየውን ያስወደደው ትርኢት መጣ። ኤክቤክ ኮቱን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ በእንግድነት ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ኬክ ቀርታለች። ባለቤቲቱ «ውሰድ» አለችው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ አለ።

«አመሰግናለሁ፣ በቃኝ ነው የሚ—»

«አትተርጉሚልኝ» አሉ ጋሽ ሙሔ፣ ወደ ፊት እየተሳቡ። «ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ።»

«የት ያውቁታል አባ?»

«ወሎ ሞልቷል!»

ሴትዮዋ እንደገና ጠየቀችው፤ እንደገና እምቢ አለ። ከዚያ ሳህኑን አንስታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ፊቱ ላይ አንድም ነገር አልተነቃነቀም። ዓይኖቹ ብቻ ሳህኑን እስከ በሩ ሸኙት። ባርኔጣው ጉልበቱ ላይ ቀስ ብሎ ዞረ። ከዚያ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ፣ ባርኔጣውን እንደ ጋሻ ይዞ፣ ከጠረጴዛው ልብስ ላይ ፍርፋሪ መልቀም ጀመረ።

«ወሰደችበት!» ጋሽ ሙሔ ጭናቸውን መቱ፤ እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «ኧረ ጉድ! ሴትዮዋን ምን ነካት? አትለምነውም?»

«በቃኝ አላት እኮ አባ።»

«በቃኝማ የማይል ማን አለ!»

ይህን እንዳሉ ሳቃቸው ተቋረጠ። ከአፋቸው የወጣውን ራሳቸው ሰሙት። አንገታቸውን ደፍተው፣ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ቆባቸውን በጣታቸው ማዞር ጀመሩ።

ኒስሪን ቆቡን አየች። ከቆቡ በላይ በቀበቶው የተሸበሸበውን ሱሪ፣ በምስማር የተበሳውንም ቀዳዳ አየች። ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች፤ ሳምቡሳ በሳህን ይዛ ተመለሰች።

«ይብሉ አባ።»

«ኧረ ልጄ፣ ጠግቤያለሁ።»

«አንድ ብቻ።»

«በቃኝ፣ ወላሂ።»

ኒስሪን ሳህኑን አንስታ፣ እንደዚያች ሴትዮ ቀስ እያለች ወደ ወጥ ቤት ተራመደች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። የሽማግሌው ፊት ጭጭ ብሏል፤ ዓይኖቻቸው ግን ሳህኑ ላይ ናቸው። ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። ተመልሳ አጠገባቸው ተንበረከከች፤ እናቷ ትለው የነበረውን፣ እሷ ግን ብላው የማታውቀውን ቃል አወጣችው።

«በሞቴ፣ አባ።»

«ሞት ካነሳሽማ ምን አቅም አለኝ» አሉና ሁለት በአንድ ላይ አነሱ።

ሰዓድ ሲመለስ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው አገኛቸው፤ ሳህኑ ላይ አንዲት ሳምቡሳ ብቻ ቀርታለች።

«አባ፣ ነገ ቲኬቱን ቡክ ላድርግ?»

«አዎ፤ እስከ መቼ አስቸግራችኋለሁ፤ ልሂድ እንጂ።»

«እሺ፣ እርስዎ ካሉ—»

«እሺ አይባልም!» ኒስሪን በክርኗ ጎሸመችው። «ለምናቸው እንጂ!»

ሰዓድ ግራ ተጋብቶ ሚስቱንም አባቱንም አየ።

«አባ... በሞቴ፣ ትንሽ ይቆዩ።»

«ኧረ አይሆንም» አሉ ጋሽ ሙሔ፣ የተዘጋውን ቴሌቪዥን እያዩ። ቆቡ ጉልበታቸው ላይ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ይኸው ሁለተኛው ነው» አለች ኒስሪን። «ቀጥል።»