ቀይ ወረቀት የተለጠፈባት ፎቶ

ማዘጋጃ ቤቱ ከተማችንን የሲኒማ ከተማ አደርጋለሁ ብሎ የተነሳ ሰሞን ተዋናይ ያልሆነ ሰው አልነበረም። ፀጉር አስተካካዩ መስታወት ፊት ለብቻው ሲያለቅስ ተገኘ። ባለሱቋ ስኳር ስትመዝን እንኳ በሚያምረው ጎኗ መዞር ጀመረች። የተዘጋው የክር ፋብሪካ ታድሶ ስቱዲዮ ሆነ፤ "ቤታችሁን ለቀረጻ ስጡ" የሚል ማስታወቂያ በየግንቡ ተለጠፈ። ቀድመው የተመዘገቡት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? ጋሼ ሙጫ!

ጋሼ ሙጫ ጡረታ የወጡ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሙጫ ከጣታቸው ስላልጠፋ ስማቸው ሙጫ ሆኖ ቀረ። ያጓጓቸው ኪራዩ አይደለም። ሚስታቸው ከሞተች ሦስት ዓመት አልፏል፤ ልጅ አልወለዱም፤ በራቸውን የሚያንኳኳው ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። እሱንም "ግባ እንጂ፣ አረፍ በል፣ ምን ያስቸኩልሃል" እያሉ አስመርረውታል።

እውነትም ቤቱ ሞላ። ሃያ ሁለት ሰው፣ አምስት ቀን ሙሉ! አንዱ ገመድ ይጎትታል፣ አንዱ መብራት ይተክላል፣ አንዱ ሥራው "ዝም በሉ!" እያለ መጮህ ብቻ ነው። "አባባ፣ እባክዎ ከካሜራው ፊት ዞር ይበሉልን" ሲሏቸው ጋሼ ሙጫ ደስ ይላቸዋል። ዞር በል የሚባለውም ሰው ሲኖር አይደል?

የዕቃ ክፍል ኃላፊዋ ቀጭን፣ ቁጡ ሴት ናት። በየዕቃው ላይ ቀይ ወረቀት እየለጠፈች፣ "ቀይ ያለበትን ማንም እንዳይነካ! ዋ!" ትላለች። ጋሼ ሙጫ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው ሄደ። የሚስታቸው ፎቶ ያለው ይኸው አንድ ብቻ ነው፤ ካሜራ ስታይ የምትሸሽ ሴት ነበረች። በዚህ ሁሉ ግርግር አንዱ በክርኑ ገፍቶ ቢሰብረውስ? ከጠረጴዛው ላይ አንዲት ቀይ ወረቀት ቆንጠር አደረጉና ፍሬሙ ጥግ ላይ ለጠፉ። ጠራዥ አይደሉ? እንዳትላቀቅ አድርገው ነው የለጠፏት።

አይ ጋሼ ሙጫ! ቀዩ ወረቀት እኮ "ውድ ዕቃ ነው" ማለት አልነበረም። "የእኛ ንብረት ነው፣ ሲያልቅ መኪና ላይ ይጫን" ማለት ነበር።

በአምስተኛው ቀን እስከ አስፋልቱ ወርደው፣ እጃቸውን እያውለበለቡ፣ "ደግሞ ተመለሱ" እያሉ የሸኙት መኪና ነው ይዟት የሄደው። ቤት ሲገቡ ግድግዳው ባዶ ነው። ሶፋውን አነሱ፣ አልጋ ሥር ገቡ፣ ከዚያ ያቺ ቀይ ወረቀት ትዝ አለቻቸው። "ምነው እጄን በቆረጠው!" አሉ ለራሳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ስቱዲዮ ደረሱ። ኃላፊዋ መዝገቧን ገልብጣ፣ "አባባ፣ ቀይ ነበረበት እኮ" አለቻቸው።

"እኔው ነኝ የለጠፍኩት።"

"እርስዎ? ለምን?"

"እንድትጠነቀቁላት ብዬ ነዋ፣ ልጄ።"

ሴትየዋ መቆጣት ፈልጋ ቁጣው ጠፋባት። "ከእኔ ጋር ይምጡ" አለች። "ፎቶው ዛሬ ሥራ ላይ ነው።"

በትልቁ አዳራሽ ውስጥ ከጣውላ የተሠራ ሳሎን አለ፣ ሦስት ግድግዳ ብቻ ያለው። መሐል ግድግዳው ላይ ሚስታቸው ተሰቅላለች፤ ሥሯ አበባ ተደርጎላታል። ቀረጻው ተጀመረ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆናት ተዋናይት ሻንጣ ይዛ ገባች፣ ፎቶውን አየች፣ ሻንጣው ከእጇ ወደቀ።

"እማዬ" አለች። "እማዬ፣ ልጅሽ መጣሁ። ምነው ትንሽ ብትጠብቂኝ?"

ጋሼ ሙጫ ዓይናቸውን ከተዋናይቷ ወደ ሚስታቸው ፎቶ መለሱ። በሠፈሩ ሴቱ ሁሉ በልጁ ስም ሲጠራ እሷ አርባ ዓመት "የጋሼ ሙጫ ሚስት" እንደተባለች ኖረች። መንገድ ላይ የሰው ልጅ "እማዬ!" ብሎ ሲጣራ ሳታስበው ዞር ትል ነበር። ከዚያ ታፍርና እርምጃዋን ታፈጥናለች። እሳቸው ደግሞ እንዳላየ ሰው ሌላ ወሬ ያነሳሉ። አንድ ቀን እንኳ እጇን ይዘው "አይዞሽ" አላሏትም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል። እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም።

"ካት!" ተባለ። ኃላፊዋ ለዳይሬክተሩ ሹክ አለችው፣ እሱም ደንግጦ መጣ። "በጣም ይቅርታ አባባ፣ አሁኑኑ ይውሰዷት። እኛ ሌላ ፎቶ እንፈልጋለን።"

"ለመሆኑ ስንት ልጅ ነው ያላት?" አሉ ጋሼ ሙጫ።

"ማን? እ... በፊልሙ? አራት።"

"አራት!" አራት ጣታቸውን አንድ በአንድ አጠፉ። "ሌሎቹም ይመጣሉ?"

"ወንዶቹ ሐሙስ ናቸው። የመጨረሻዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ።"

"እንግዲያው ትቆይ። ልጆቿ ሳያገኟት እንዴት ብዬ ነው የምወስዳት?"

ኃላፊዋ ወንበር አመጣችላቸው። "እርስዎም እዚሁ ሆነው ይዩ እንጂ፣ አባባ።"

ለመቀመጥ ከጅለው ነበር። "አባትየውስ ይኖራል?" ብለው ጠየቁ።

"የለም" አላቸው ዳይሬክተሩ። "አባትየው በታሪኩ ውስጥ የለም፣ ድሮ ነው የሞተው።"

ጋሼ ሙጫ ራሳቸውን ነቀነቁ። "በሉ እሺ፣ ደህና ዋሉ" አሉና ወንበሩን በቀስታ ወደ ጎን አድርገው ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ሄዱ።